እሷ ያልቀመሰችው ማር

በዚያን ጊዜ የማልበላው ነገር አልነበረም። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን እንደ ማዕረግ ነበር የምቆጥረው።

ሥራዬ ነርስነት ነው፤ እዚህ አሜሪካ ትራቭል ነርስ የሚባለው ዓይነት። አንድ ሆስፒታል ሰው ሲያጥረው ለአሥራ ሦስት ሳምንት በኮንትራት ይወስደኛል፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ሻንጣዬን ዘግቼ ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። አዲስ ከተማ ስገባ ከሁሉ በፊት የማጣራው የአገሬው ሰው ምን እንደሚበላ ነው። ሉዊዚያና አዞ በልቻለሁ። ለእረፍት ካምቦዲያ ሄጄ ደግሞ ባታምባንግ በምትባል ከተማ ገበያ መሐል ቁጭ ብዬ የተጠበሰ ሸረሪት እንደ ቆሎ ቆረጠምኩ። ቀይ ጉንዳን ከበሬ ሥጋ ጋር ተጠብሶ ሲቀርብ ሎሚ የተጨመቀበት ይመስላል። ፕራሆክ የሚሉት በጨው ታሽቶ ለወራት የቆየ ዓሣ አላቸው፤ ማሰሮው ሲከፈት ሰው ያባርራል፣ ወጥ ውስጥ ሲገባ ግን ማንኪያ አያስጥልም። ከዚያ ጉዞ በኋላ በየሄድኩበት ከተማ የካምቦዲያ ምግብ መፈለግ ልማዴ ሆነ።

ይህ ሁሉ ድፍረት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከእናቴ ጋር ከመጣላት ነው የመጣው። እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት ሰው ቤት እህል አትቀምስም። እኛንም ልጆቿን ልደት ስንጠራ አጥግባ አብልታ ነበር የምትልከን፤ ሲያቀርቡላችሁ ጠግበናል በሉ ትለናለች። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ማኅበር ቤት ሳህኑን ተቀብላ ትይዛለች፣ ሰው ዞር ሲል ለጎረቤቷ ትሰጣለች። ለምን ስንላት መልሷ አንድ ነበር፤ ሰው ክፉ ነው። ከዚያ በላይ አትናገርም። ካደግሁ በኋላ እኔ የማንንም እጅ በላሁ። እሷ ስትሰማ ታማትባለች፣ እኔ እስቃለሁ።

ያ ኮንትራቴ ዴንቨር አጠገብ እንግልውድ የሚገኝ ሆስፒታል ነበር። እናቴ አውሮራ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ በአንድ የአዛውንቶች አፓርታማ ስለምትኖር አሥራ ሦስቱን ሳምንት እሷ ዘንድ ልቀመጥ ወሰንኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የእስያ ሸቀጥ መደብር ገብቼ የፕራሆኩን ጠርሙስ አንስቼ ጽሑፉን ሳነብ አንዲት ስድሳውን ያለፈች ሴት አጠገቤ ቆመች። ታውቂዋለሽ ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ባታምባንግ በልቼዋለሁ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከወጣች አርባ ዓመት አልፏታል። ስሟ ሶፊ ነው፣ ሚንግ ሶፊ ብለሽ ጥሪኝ አለችኝ። ሚንግ በነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። ማዕድ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ስለ ምግብ ስንጫወት ጋሪያችን መንገድ ዘግቶ ሰዎች ይቅርታ እያሉ ያልፉን ነበር። ስንለያይ ስልክ ቁጥሬን ወሰደችና ቤቴ መጥተሽ ትበያለሽ አለችኝ።

ለእናቴ ስነግራት የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። የማታውቅሽ ሴት ገበያ መሐል አግኝታ ቤቴ ነይ ስትልሽ ምን ፈልጋ ነው አለችኝ። ወዳኝ ነው አልኩ። እናቴ ሰው በባዶ ሜዳ እንደማይወድ ነገረችኝ።

ማክሰኞ ሚንግ ሶፊ ቴክስት አደረገችልኝ፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት። ረቡዕ ሌላ መጣ፤ ብቻሽን ነይ ይላል። ሐሙስ ደግሞ፣ ጠዋት ምንም አትብዪ። ዓርብ፣ እርግጠኛ ነሽ፣ የማትበዪው ነገር የለም ወይ ብላ ጠየቀች። ምንም የለም ብዬ መለስኩ። እናቴ እያንዳንዱን አስነበበችኝ፣ እያንዳንዱንም በአማርኛ አስተረጎመችኝ። በመጨረሻ መነጽሯን አውልቃ፣ «ይህቺ ሴት አንቺን ሳይሆን ሆድሽን ነው የጠራችው» አለችኝ።

ሳቅኩባት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብቻሽን ነይ የሚለው ቃል ቅዳሜ ጠዋት ገላዬን ስታጠብ ትዝ ብሎኝ ነበር። ስወጣ እናቴ የሴትዮዋን አድራሻ በወረቀት ካልጻፍሽልኝ አትሄጂም አለች። ጻፍኩላት።

ቤቱ ትንሽ ነው፣ አንድ ወለል፣ ደጁ በአበባ ማሰሮ የተሞላ። መኪናዬን ከፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ስወርድ መጋረጃው በሙሉ ዝግ መሆኑን አየሁ፤ ውጪው ብራ ነበር። ሚንግ ሶፊ በሩን ስትከፍት ከላይ ነጭ ለብሳለች። ገበያ ያየኋት ሴት ተጫዋች ነበረች፤ ይህቺ ዝም ያለች ናት። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ ተቀምጧል።

ሌላ ሰው የለም ወይ አልኳት። ባለቤቴ አለ፣ ሰው ይፈራል አለችኝ። ከወጥ ቤት በኩል የወንድ ድምፅ ይሰማል፤ ገብታ በራሳቸው ቋንቋ ተንሾካሾኩ። እሱ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ ትመልሳለች። ተመልሳ ስትመጣ ፈገግ ብላለች፤ ፈገግታው ግን ለእኔ ከገበያው ያነሰ መሰለኝ።

መጀመሪያ ዓሣ መጣ፤ በኮኮናት ወተት ተለውሶ በሙዝ ቅጠል ውስጥ በእንፋሎት የበሰለ። ጠጅ ሣርና እርድ አብሮ ተወቅጦበታል። እንዲህ ያለ ነገር ባታምባንግም አልበላሁም። ከዚያ ጎምዘዝ ያለ ሾርባ ከሩዝ ጋር መጣ። እሷ ከፊቴ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እያንዳንዱን ጉርሻ ታያለች። አንቺስ ብዬ ሩዙን ገፋ አደረግሁላት። ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ብቻ ቅመሺ አልኳት። አልችልም፣ ዛሬ አይሆንም አለችኝ። ለምን እንደማይሆን አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እኛ አገር ያቀረበ ሰው ነው ቀድሞ የሚቀምሰው። ጠጅ አሳላፊ እንኳ መዳፉ ላይ አፍስሶ ይጠጣል። ይህ ነገር በጭንቅላቴ እንዳለ አላውቅም ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ግን ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ መጣብኝ። ከዚያ ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀችኝ፣ እናቴ የት እንደምትኖር ጠየቀችኝ፣ ፎቶ ላንሳሽ አለችና አነሳችኝ። ለእህቴ ነው የምልከው አለች። የትኛዋ እህት እንደሆነች እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ማንኪያዬን ይዤ ፎቶው ምን ሊያደርግላት ነው እያልኩ አስብ ነበር።

በመጨረሻ ከወጥ ቤት በሁለት እጇ ይዛ አንድ ጥቅል አመጣች። የሙዝ ቅጠል ነው፣ ዳር ዳሩ በእሳት ጠቁሯል። ስትፈታው የማር ሽታ ወጣ። ማር ከነሰፈፉ፣ ከነእጩ፤ ነጫጭ የንብ ልጆች በቀዳዳው ውስጥ እንደተኙ ከሰል ላይ ተጠብሰው። የወንድሜ ልጅ ከከተማ ውጪ ንብ ያረባል፣ ዛሬ ጠዋት ላንቺ ብሎ ነው የቆረጠው አለችኝ። አሁንም አልነካችውም። ቀና ስል ባሏ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ከሲታ ሽማግሌ፣ ዓይኑ አፌ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ስጎርስ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ሦስት ቁራጭ በላሁ። ጣፋጭ ነበር፣ ቅቤ ቅቤ ይላል።

መጀመሪያ መዳፌ በላኝ። ከዚያ ከንፈሬ። ጉሮሮዬን ስጠርግ የሚጠረግ ነገር የለም፤ መንገዱ ራሱ እየጠበበ ነው። ክንዴን ሳየው ቀይ እብጠት እንደ ካርታ እየሰፋ ይሄዳል። እና ድንገት ልሞት ነው የሚል ስሜት መጣብኝ፤ ፍርሃት አይደለም፣ እርግጠኝነት ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው በእጄ ስንት ጊዜ አልፏል። ልሞት ነው የሚለው ስሜት ራሱ የሕመሙ ምልክት እንደሆነ አዲስ ነርሶችን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያየሁ፣ በራሴ ላይ ሲደርስ አእምሮዬ የመጣለት ቃል ግን አለርጂ አልነበረም። አበላችኝ ነው ያልኩት። በአማርኛ።

ሚንግ ሶፊ ዘላ ተነሳች። ውሃ አቀረበችልኝ፤ ብርጭቆውን በእጄ መታሁት፣ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ጀርባዬን ልትደግፍ ስትሞክር አትንኪኝ አልኳት። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በቀረችኝ ትንፋሽ፣ «ምንድነው የሰጠሽኝ?» አልኳት። ስልክ ይዛ አድራሻዋን ትናገር ነበር። አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት። ወለሉ ላይ ሆኜ እያየኋት እንኳ ማንን እየጠራች ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

የአምቡላንሱ ሰዎች ጭኔ ላይ መርፌውን ሲወጉኝ ትንፋሼ ትንሽ በትንሹ ተመለሰ። ኢመርጀንሲ ሩም ስደርስ መናገር እችል ነበር። እዚህ ላይ የምነግራችሁ ነገር ነው ከሁሉ የሚከብደኝ። ወለሉ ላይ ሆኜ ያልኩትን ማንም ይቅር ይለኛል፤ የሚሞት ሰው ቃል ነው። ሆስፒታል የተናገርኩት ግን ትንፋሼ ከተመለሰ በኋላ ነው። ምን በላሽ ሲሉኝ ዝርዝሩን ነገርኳቸው፣ አስከትዬም ያቀረበችልኝ ሴት አንድ ማንኪያ እንዳልቀመሰች፣ ብቻሽን ነይ እንዳለችኝ፣ ሆን ብላ ያደረገችው ይመስለኛል አልኩ። በነርስ እንግሊዝኛ፣ ሰዓቱን እየጠቀስኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ፖሊስ መጥራት ግድ ነው። አንድ ኦፊሰር መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ቆመ። አድራሻውን ሰጠሁት። የተረፈው ምግብ ይመርመር ብዬ ቃሌ ላይ ፈረምኩ።

እሱ ሲወጣ እናቴ ገባች። ያቺን አድራሻ የጻፍኩባትን ወረቀት በእጇ ጨብጣለች፤ ከሆስፒታሉ ሲደወልላት ጎረቤቷ ነው በመኪናው ያደረሳት። ፊቴ አብጦ ስታይ አላለቀሰችም። አልነገርኩሽም ወይ የሚለውን እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን ምን በላሽ አለችኝ። ዓሣውን፣ ሾርባውን ነገርኳት። ማር ስል እጄን ያዘች።

«ማር ከነሰፈፉ?»

አዎ አልኳት።

«ከነእጩ?»

አዎ።

ወንበር ላይ ቁጭ አለች። 

ዶክተሩ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሕመሙ አለርጂ እንደሆነ ምንም ጥርጥር የለውም አለ፤ ዋናው የሚጠረጥረው ማሩን ነው። ከሱቅ የሚገዛ የተጣራ ማር በልቶ የማያውቅ ሰው የለም፣ እንዲህ ከቀፎ እንደወጣ ከነእጩና ከነአበባ ዱቄቱ ሲበላ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ይህን ያደርጋል፣ በምርመራ ይረጋገጣል አለኝ። ከዚያ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ከቤተሰብሽ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ። የለም ልል አፌን ስከፍት እናቴ ምን አለ አለችኝ። ተረጎምኩላት።

«እህት ነበረችኝ» አለች።

እናቴ ጽጌ የምትባል ታላቅ እህት እንደነበረቻት አውቃለሁ፤ በልጅነቷ በሕመም ሞተች ነበር የምንባለው። ያን ቀን፣ ደም ግፊቴን የሚለካው ማሽን በየጊዜው እየጮኸ፣ እናቴ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልተናገረችውን ነገረችኝ።

ቦንጋ ነው የሆነው፤ አያቴ እዚያ አስተማሪ ሳለ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ቀፎ ከዛፍ አስወርደው ማር ሲያስቆርጡ ጽጌ ከገበያ ስትመለስ ጠሯት። እናቴ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ አብራት ነበረች። ወይዘሮ ዘርፌ ማሩን ከነእጩ በቅጠል አድርገው ሰጧት። እናቴ እጩን ተጸየፈችና አልበላችም። ጽጌ ሳቀችባት፣ በላች። ከደጁ ሳይወጡ ጉሮሮዋን ይዛ ወደቀች፤ ክሊኒክ ሳትደርስ ሞተች። ወይዘሮ ዘርፌ ከማሩ አልቀመሱም ነበር። የዘርፌ ባል ወንድም ቀደም ብሎ ጽጌን ለጋብቻ ጠይቆ አያቴ እምቢ ብለውት ነበር። ከተማው እነዚህን ሁለት ነገሮች ገጠማቸው። ዘርፌ አበላቻት ተባለ። ሰው ሰላም ማለት ተወ፣ ከዕድር አስወጧቸው፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት የመርዘኛ ልጅ ተባለች። በዓመቱ ቤታቸውን ዘግተው አገሩን ለቀቁ።

ሰው ነው ያለው፣ አንቺ ምን ታደርጊ አልኳት።

«መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ስጮህ ሰው መጣ። ምን ሆነች አሉኝ። ዘርፌ ማር አበላቻት፣ እሷ አልቀመሰችም አልኩ። ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ሁሉ ጊዜ እውነት መሆን ነበረበት። እውነት ካልሆነማ እኔ ምን ልሆን ነው?»

ለዶክተሩ አሳጥሬ ተረጎምኩለት። ያልመረመርኩትን ሰው ይህ ነው ልል አልችልም አለ፤ ግን ታሪኩ አያስገርመኝም አለ። እናቴ ይህን ያለ አስተርጓሚ የገባት መሰለኝ።

ቃሌን ላነሳ ለኦፊሰሩ ስልክ ደወልኩ። ዘግይቻለሁ፤ ወደ ቤቷ ሄዷል።

እሑድ ጠዋት መልሶ ደወለልኝ። ደግ ሰው ነበር፣ ሳይወቅሰኝ ነው የተናገረው፤ ምናልባት ለዚህ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ። ሴትዮዋ የተረፈውን ምግብ ሁሉ፣ ቅጠሉን ሳይቀር፣ በንጹሕ ዕቃ አድርጋ ራሷ አስረከበቻቸው። ለምን አልቀመሽም ሲሏት የጨረቃ በዓላችን ነው፣ በዚያ ቀን ከእኩለ ቀን በኋላ እህል እንዳልቀምስ ስእለት አለብኝ ብላለች። ጨው እንዳይበዛ እንኳ ወጥ ቤት ሆኖ የሚቀምስላት ባሏ ነበር። ፖሊስ ቤቷ ቆሞ ይህን ሲጠይቃት ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያይ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ አለ አለኝ ኦፊሰሩ፤ ሽማግሌው የፖሊስ ልብስ ሲያይ ምንም ሳይጠየቅ ጫማውን አደረገ፣ ትንሽ ቦርሳ ከቁም ሳጥን አወጣ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ደጁ ላይ ቆመ። ልንወስደው የመጣን መስሎት ነው። ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደብን አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ በዓመት ስንት ቀን የምጾም ሰው ነኝ። በጾም ቀን ሥጋ ወጥ ለእንግዳ ሠርቼ፣ ጨውን ሳልቀምስ አቅርቤ አውቃለሁ። አንዲት ሴት ዛሬ አይሆንም ስትለኝ ጾም የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ አልታሰበኝም።

በማግስቱ ደጇን አንኳኳሁ። ባሏ በሩን በሰንሰለት እንደታሰረ ትንሽ ከፍቶ የለችም አለኝ። ጫማዋ ደጃፉ ላይ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ ማንም አልከፈተም። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እናቴ አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። ሰንሰለቱ ሲንቀሳቀስ እናቴ ወደ በሩ ተጠግታ ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷ አይታጠፍም፣ ግን የቻለችውን ያህል ጎንበስ አለች። በሩ ተከፈተ።

ሚንግ ሶፊ አስገባችን፣ አስቀመጠችን። የተናገርኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ወለሉ ላይ ያልኩትን፣ ሆስፒታል ያልኩትን፣ የፈረምኩትን። አላቋረጠችኝም። ብቻሽን ነይ ያልኩሽ ባሌ ከአገራችን ጦርነት ወዲህ ብዙ ሰው ሲገባ እንቅልፍ ስለሚያጣ ነው አለችኝ፤ እሱም ምግቧን መውደዴን ለማየት ነበር ከወጥ ቤት ብቅ ያለው። ፎቶው ለእህቷ ነበር። አገራችንን የምትወድ ልጅ አገኘሁ ብላ ልካላታለች።

ይቅርታ ጠየቅኳት። እጄን ያዘችኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አለችኝ። ከዚያ፣ «ግን ከእንግዲህ ላንቺ አላበስልም። ልቤ ይቅር ብሏል፣ እጄ ግን ይፈራል» አለችኝ።

አሁንም ድረስ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ውሃ ትሰጠኛለች፣ እንጨዋወታለን። አንድ ቀን እንኳ ከወጥ ቤቷ ምግብ ይዛ አልወጣችም። እኔም አብስዪልኝ አልልም። በኋላ የመረመረኝ ሐኪም አለርጂው ማሩ መሆኑን አረጋግጦልኛል፤ መርፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ፣ አሁንም ያላየሁትን ምግብ እበላለሁ። ነገር ግን ደፋር ነኝ ማለት ትቻለሁ። ሸረሪት መብላት ድፍረት አይደለም፤ አፍ ነው። እኔ የሰው ምግብ እንጂ ሰውን አልቀመስኩም ነበር። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከቤታችሁ ይዛችሁ የመጣችሁትን ፍርሃት አልያዝኩም ብላችሁ እንዳትምሉ። እኔ ከእናቴ ሸሸሁ ብዬ ስንት ከተማ ዞሬ፣ ጉሮሮዬ ሲዘጋ በእናቴ አፍ ነው የተናገርኩት።

እናቴ ከዚያ ሳምንት በኋላ ሰው ማፈላለግ ጀመረች። የቦንጋ ሰው የሚባል ካለ ሁሉ ጋ ደወለች። ወይዘሮ ዘርፌ ከብዙ ዓመት በፊት ሞተዋል። ልጃቸው ብርሃኔ ግን ጅማ ትኖራለች ተባለ፤ አሁን እሷም የልጅ ልጆች አሏት። እናቴ ስትደውልላት አጠገቧ ነበርኩ። ማን መሆኗን፣ ምን እንዳለች፣ ዘርፌ ንጹሕ እንደነበሩ ነገረቻት።  ብርሃኔ፣ «እናቴ ይህን ሳትሰማ ነው የሞተችው» አለች። ቀጥላም ረጋ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ የነገሩኝን፣ ያኔ የተናገሩበት ቦታ ሄደው ይናገሩልኛል ወይ ብላ ጠየቀች።

እናቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ዶክተሯ መንገዱ ረጅም ነው አላት። በወሩ ዴንቨር ኤርፖርት አደረስኳት።

የሆነውን በስልክ ነው የሰማሁት። ቦንጋ የዕድሩ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲሰበሰብ እናቴና ብርሃኔ ጎን ለጎን ቆሙ። እናቴ ሦስት አረፍተ ነገር ተናገረች። ዘርፌ እህቴን አልገደለችም። ገደለች ብዬ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እግዚአብሔርም እናንተም ይቅር በሉኝ። ወጣቶቹ የምን ታሪክ ነው እያሉ ተያዩ፤ ብዙዎቹ ዘርፌ የሚባል ስም ሰምተው አያውቁም። አንድ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ግን ከኋላ ተነሱና ከዕድሩ ትውጣ ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዱ እሳቸው እንደነበሩ ተናገሩ። ወደ ብርሃኔ መጥተው ምን እናድርግልሽ አሏት።

ብርሃኔ ምንም አልፈልግም አለች። «የዕድሩ መዝገብ ይከፈትና የእናቴ ስም ይመለስበት» ብላ ብቻ ለመነቻቸው። ጸሐፊው መዝገቡን አወጣ። ሙሉ ስማቸውን ጠየቃት፣ ነገረችው፣ ጻፈው። ከዚያ እንደ ደንባቸው ያን ቀን የተገኙትን፣ ቀጥሎም የሞቱትን አባላት ሲጠራ፣ ወይዘሮ ዘርፌን ከሟቾቹ መሐል ጠራቸው፤ ሰዉም ነፍስ ይማር አለ።